ለጆሮው ያሳደግነውን ውሻ ጆሮ ነፈግነው

እስቲ አንድ ቀላል ጥያቄ ልጠይቃችሁ፤ ውሻ የምታሳድጉት ለምንድን ነው? «ስለምወደው» የምትሉ አትጠፉም። «ልጆቹ አስቸግረውኝ» የምትሉም ትኖራላችሁ። በአብዛኛው የሐዋሳ ግቢ ግን መልሱ አንድ ነው፤ ሌሊት ኮሽ ሲል እንዲሰማልን። ሲጠቃለል፣ ውሻውን የቀጠርነው በጆሮው ነው ማለት ነው። እኛ ተሸፋፍነን ስንተኛ እሱ ጆሮውን አቁሞ ያድራል፤ ደመወዙ ትራፊ፣ የዓመት ፈቃድ የለው፣ ጡረታ የለው። (ውሉ በጽሑፍ ቢሆን ኖሮ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሳይጠራን ባልቀረ።)

ለዚህ ሥራ ደግሞ ከእሱ የተሻለ ተወዳዳሪ አይገኝም። ሰው ጆሮው ደህና ከሆነ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ገደማ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ውሻ ከ40 ሺህ በላይ ይሰማል። ጆሮውን የሚያዞሩለት ጡንቻዎች ከደርዘን በላይ ናቸው። ፊቱን ሳያዞር አንዱን ጆሮ ወደ አጥር በሩ፣ ሌላውን ወደ ጓሮ የሚልከው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ይህ የምንመካበት ጆሮ ሲታመም ምን ይደረጋል? መጀመሪያ ምንም አይደረግም። ውሻው ጭንቅላቱን ያራግፋል፣ በኋላ እግሩ ጆሮውን ይፎክታል፣ ከግድግዳ ጋር ይታሻል። «ዝንብ ነው» እንላለን። ሳምንት ቆይቶ ሽታ ይመጣል። «የት ገብቶ ተጨማልቆ መጣ!» ይባልና በጎማ ውሃ ይታጠባል፤ በታመመው ጆሮ ላይ ውሃ ተጨመረ ማለት ነው። ከዚያ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ወገን ዘንበል አድርጎ መሄድ ይጀምራል። ልጅ ሊደባብሰው እጁን ሲዘረጋ ያጉረመርማል። ይኼኔ ከቤተሰቡ አንዱ ይነሣና ሁላችንም የምናውቃትን ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ «ጠብታ ይገዛለት»።

የዛሬው ጠቤ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ጠብታ ክፉ ነገር ሆኖ አይደለም። ጆሮውን ማንም ሳያየው ጠብታው መታዘዙ ነው የከነከነኝ።

ይገባኛል፤ አንዳንዶቻችሁ «እዚህ አገር ሰውም ታክሞ አላለቀ፣ አንቺ ስለ ውሻ ጆሮ ታወሪያለሽ?» እያላችሁ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም እንዲህ ነው፤ ውሻው ሲታመም የሚነከሰው የሰው ልጅ ነው፤ ለውሻው በግምት የሚጨመረው መድኃኒትም ነገ ሰውን የሚያክመው ያው መድኃኒት ነው። ሁለቱንም ቀስ እያልኩ አመጣቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን እስቲ እዚያ ጆሮ ውስጥ ምን እንዳለ እንይ።

ቧንቧው የታጠፈ ነው

የእኛ የጆሮ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ነው ወደ ውስጥ የሚሄደው ማለት ይቻላል። የውሻና የድመት ግን መጀመሪያ ቁልቁል ይወርድና ከዚያ ወደ ጭንቅላቱ መሐል ይታጠፋል፤ የቧንቧ ሠራተኞች «ጎሚቶ» የሚሉትን ክርን አስቡት። የጆሮው ታምቡር ያለው ከመታጠፊያው ማዶ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ እዚያ የገባ ውሃ ወይም የቋጠረ መግል በቀላሉ አይወጣም። ሁለተኛ፣ በር ላይ ቆሞ የጆሮውን ቅጠል ገልበጥ አድርጎ ያየ ሰው ምንም አላየም ማለት ነው። በሽታው ከክርኑ ወዲያ ነው። እሱን ለማየት ኦቶስኮፕ የሚባለው ባለ መብራት ትንሽ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ የሰው ሐኪም ጆሯችሁ ውስጥ የሚያስገባው ዓይነት።

እዚያ ጨለማ ውስጥ ምን ሊኖር ይችላል? ብዙ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ጭቅጭቁም ከዚህ ይጀምራል። በዓይን ለማየት የምታስቸግር፣ ጆሮ ውስጥ የምትኖር ተባይ አለች፤ የምትተወው ጥቁር ቆሻሻ የቡና አተላ ይመስላል። በተለይ የድመት ጠላት ናት፤ አሞራ ገደል የዓሣ አንጀት ስትጠብቅ የምትውል ድመት ጆሮዋን አሥር ጊዜ ስትፎክት ካያችሁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሷው ተባይ ናት። እርሾ መሰል ፈንገስም አለ፤ የሊጣችን እርሾ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ይወዳል፤ ቡናማ ቅባት የመሰለ ፈሳሽና የኮመጠጠ ሽታ ያመጣል። ባክቴሪያም አለ፤ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግልና የሚያስቀይም ሽታ ይዞ ይመጣል። የሣር ፍሬ፣ የገብስ ጺም ገብቶ ተሰክቶ ሊሆን ይችላል፤ መዥገር ተለጥፎም ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚያደናግረው ደግሞ በሽታው ከጆሮው ላይሆን መቻሉ ነው። የጆሮ ቀዳዳ የቆዳ ቅጥያ ነው፤ ለቁንጫ ንክሻ፣ ለአቧራ ወይም ለምግብ አለርጂ ያለበት ውሻ ቆዳው ሲቆጣ ጆሮውም አብሮ ይቆጣል። ጆሮው ድኖ ድኖ የሚመለስበት ውሻ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይህ ነው።

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው የእንስሳት ሐኪም ሳይሆን አይቀርም። የጆሮ በሽታ አካሄዱ ልክ እንዲያ ነውና። ባክቴሪያውና ፈንገሱ ድሮም በቆዳው ላይ በትንሹ ይኖራሉ፤ ጤነኛ ጆሮ አያስገባቸውም። ተባይዋ ወይም አለርጂው ይቀድድላቸዋል፣ እነሱ ይገባሉ። በአጥሩ ቀዳዳ የገባውን ጅብ ብቻ እያባረርን ቀዳዳውን ካልደፈንነው ማታ ተመልሶ ይመጣል። ጠብታውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ጅቡን ያባርራል፣ አጥሩን ግን አይደፍንም።

የሐዋሳ ውሻ ደግሞ ተጨማሪ ፈተና አለበት። ከተማችን ሞቅ ያለች፣ ሐይቅ ዳር የተቀመጠች ናት። ፍቅር ሐይቅ አካባቢ እሑድ ጠዋት ውሻቸውን ይዘው የሚወርዱ ወጣቶች እየታዩ ነው (ደስ ይላል!)፤ ውሻው ዋኝቶ፣ ተራግፎ፣ ጆሮው እንደረጠበ ወደ ቤት ይመለሳል። ጆሮው የተንጠለጠለ ዝርያ ከሆነ እንደ ክዳን ይዘጋበታል። ፈንገስ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

አምስቱ ጥያቄዎች

ጋዜጠኝነት ሲያስተምሩን መጀመሪያ የሚያሲዙን አምስት ጥያቄ ነው፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን። ባለፈው በአንድ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ደጃፍ ወረፋ ስጠብቅ የሰማሁትን ንግግር በዚህ ሚዛን መዘንኩት። ገዢው ወጣት ነው፤ ሻጩም እኩያው።

«ወንድሜ፣ ለውሻ ጆሮ የሚሆን ጠብታ ይኖርሃል?»
«ምን ሆኖ ነው?»
«ያራግፋል፤ ይሸታልም።»
«ትልቅ ነው ትንሽ?»
«ትልቅ ነው። ጀርመን ነው።»
«በቀን ሁለቴ አድርግለት።»

አለቀ። ማን ተጠይቋል፤ ጀርመን ሼፐርድ። ምን ተጠይቋል። መቼ ጀመረው፣ የትኛው ጆሮ ነው፣ ሁለቱም ናቸው ወይ፣ ከዚህ በፊት ይዞት ያውቃል ወይ፣ ግቢው ውስጥ ድመት አለች ወይ የሚል ግን አልነበረም። ከሁሉም የቀረችው «ለምን» ናት። ሻጩን አልወቅስም፤ ውሻው በሌለበት ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ጥፋቱ ውሻውን ቤት አስረን ጠብታውን ብቻ ልንገዛ መሄዳችን ላይ ነው።

አሁን ጠብታው ጆሮው ውስጥ ሲገባ የሚሆነውን ተመልከቱ። ለውሻ ጆሮ የሚሠሩ ጠብታዎች አብዛኞቹ ሦስት ነገር በአንድ የያዙ ናቸው፤ ለባክቴሪያ፣ ለፈንገስ፣ እብጠትና ማሳከክ ለማስታገስ። ቶሎ የሚሠራው ሦስተኛው ነው። በሦስተኛው ቀን ውሻው ማራገፉን ይቀንሳል፤ «ተሽሎታል» እንልና እናቆማለን። ጠብታው ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቀጠል ነበረበት። ተባይዋ ከሆነች ደግሞ ከእንቁላል ተነሥታ ለአቅመ መራባት ለመድረስ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል፤ በአምስት ቀን ያቆመ ሰው ዛሬ ያሉትን ገድሎ ነገ የሚፈለፈሉትን አሳድጓል።

ይህ ገና ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነስ? መግል ከመታጠፊያው ወዲያ ሲጠራቀም ታምቡሩን ሊበሳው ይችላል። እንደ ጄንታማይሲንና ኒዎማይሲን ያሉ መድኃኒቶች በተበሳ ታምቡር አልፈው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ከገቡ መስማትንና ሚዛንን የሚቆጣጠሩትን ሕዋሳት ሊጎዱ ይችላሉ። ለጆሮው የቀጠርነውን ዘበኛ በገዛ ገንዘባችን አደነቆርነው ማለት ነው። እኛ ደግሞ ምክንያቱን ሳናውቅ «ሰነፈ፣ ሌባ ቢገባም አይጮህም» እንላለን።

ከጠብታው ሌላ መርፌም አለ። አይቨርሜክቲን የተባለውን የተባይ መድኃኒት የማያውቅ የከብት ባለቤት የለም። ድንቅ መድኃኒት ነው፤ ፈልሳፊዎቹ ዊሊያም ካምቤልና ሳቶሺ ኦሙራ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍለውበታል። ነገር ግን ለከብት የተዘጋጀው መርፌ ልኩ ለ50 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ነው። አምስት ኪሎ ለምትመዝን ቡችላ በዓይን መጠን ሲሰፈር ስህተቱ በእጥፍ ሳይሆን በአሥር እጥፍ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ኮሊን የመሳሰሉ የበግ ጠባቂ ዝርያዎች መካከል መድኃኒቱ ወደ አንጎል እንዳይገባ የሚከለክለው በር በተፈጥሮ ጉድለት ያለበት ውሻ ይገኛል፤ ለእሱ ተራው መድኃኒት መርዝ ይሆንበታል። «ለበሬው ተርፎ ነበር» ተብሎ የሚወጋ ነገር አይደለም።

ስለ ነጭ ጋዝና ስለ ተቃጠለ የመኪና ዘይት ምን ልበል? ለእከክ ብለው ቆዳ ላይ የሚቀቡት አሉ፤ የቆሰለ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም። በራሳችሁ ጆሮ አስቡት፤ ይበቃል።

በሬ ያሳደገው ሙያ

«ታዲያ ሐኪሞቹስ?» ማለታችሁ አይቀርም። እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። የኢትዮጵያ የእንስሳት ሕክምና ያደገው በውሻ አይደለም፤ በበሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባው የከብት ደስታ በሽታ በሬውን ሁሉ ጨርሶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኀብ ያስከተለበት አገር ነው። ያ በሽታ ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ የእኛ አገር ሐኪሞችና ክትባት ሰጪዎች በረሃ ለበረሃ የከፈሉት ላብ አለበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቢሾፍቱ ላይ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲከፈት አገሪቱ የሚያስፈልጋት የከብት ሐኪም ነበር። ዛሬም ከ60 ሚሊዮን በላይ ከብት ያለው አገር ቅድሚያውን ለላምና ለበሬ ቢሰጥ ማን ይፈርድበታል?

ከተማ ግን ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1960 የተቆረቆረችው ሐዋሳ ዛሬ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ላም ያላት ግቢ ቀንሳ ውሻ ያለበት ግቢ በዝቷል። የእንስሳት ሐኪሞችን የሚያስመርቅ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ አለን። ስለዚህ ጥያቄዬ «ለምን ለበሬ ሠራችሁ?» አይደለም፤ «ከበሬው ጎን ለውሻውም አንድ ወንበር አይገኝም ወይ?» ነው።

የሚያስፈልገው ደግሞ ኤምአርአይ አይደለም። ጆሮን በአግባቡ ለማየት የሚያስፈልገው አራት ነገር ነው። አንድ ኦቶስኮፕ። ከጆሮው በጥጥ የሚወሰድ ቆሻሻ፤ እሱን ስላይድ ላይ አሽቶ፣ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ማየት። ጆሮውን በአግባቡ ማጠብ፤ ምክንያቱም መግል በሞላበት ጉድጓድ ውስጥ ጠብታ ማንጠባጠብ ጭቃ ላይ ቀለም እንደመቀባት ነው። አራተኛው «ከአሥር ቀን በኋላ መልሰህ አምጣው» የሚል ቀጠሮ። ማይክሮስኮፕ እኮ በእንስሳት ሕክምና ቤት ብርቅ ዕቃ አይደለም፤ ገንዲ ያለበትን ከብት ደም ሲመረምሩበት የኖሩት ነው። የጥጡ ምርመራ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ተባይ ነው፣ ፈንገስ ነው፣ ባክቴሪያ ነው የሚለውን ያኔውኑ ይለያል። ግምት አበቃ።

ሐኪሞቹም የሚያነሡት ቅሬታ አለ፤ ትክክል ነው። ባለቤቱ ውሻውን በሰንሰለት እየጎተተ ይመጣል፤ ሐኪሙ «ያዝልኝ» ሲለው «ኧረ እኔንም ይነክሰኛል!» ይላል። ሳቁ፣ ግን እውነት ነው። ቀን ታስሮ ሌሊት የሚፈታ፣ ከምግብ ሰጪው በቀር ማንም ነክቶት የማያውቅ ውሻ፣ በታመመ ጆሮው ውስጥ ብረት አስገብተህ እየው ማለት በሐኪሙ ጣቶች መፍረድ ነው። እንዲህ ያለውን ውሻ በማደንዘዣ ካላስተኙ ማየት አይቻልም፤ ያ ደግሞ ወጪውም አደጋውም ይጨምራል። መፍትሔው ከእኛ ነው የሚጀምረው፤ ቡችላ ሳለ ጆሮውን፣ አፉን፣ እግሩን መነካካትን ማስለመድ። በየቀኑ ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው። እኛ ግን ቡችላ ሳለ ጆሮውን የምንነካው ለመቁረጥ ነው፤ «ጀግና ይሆናል» ብለን። ጆሮው የተቆረጠ ውሻ ጀግና ሲሆን አላየሁም፤ ሰው የሚፈራ ውሻ ሲሆን ግን አይቻለሁ።

«እብድ ነው!»

አሁን ወደ ንክሻው እንምጣ። ጆሮው የሚመግል ውሻ ጭንቅላቱን ሲነኩት ይነክሳል፤ ሕመም ነው። ሊደባብሰው የሚጠጋ ደግሞ በአብዛኛው ልጅ ነው፤ የልጅ ፊት ከውሻ አፍ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ነው። ኢንፌክሽኑ ወደ መካከለኛውና ወደ ውስጠኛው ጆሮ ሲዘልቅ ነገሩ ይብሳል። ውሻው ጭንቅላቱን ያዘነብላል፣ ክብ እየሠራ ይዞራል፣ ይወድቃል፤ የፊቱ ነርቭ ተጎድቶ አንዱ ከንፈሩ ሊወድቅና ምራቅ ሊያንጠባጥብ ይችላል። የሚዞር፣ የሚያንጠባጥብ፣ የሚነክስ ውሻ በሰፈር ቋንቋ ምን ይባላል? «እብድ ውሻ!» ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ድንጋይ፣ ዱላ። በከተሞቻችን መርዝም ሲሠራበት ኖሯል።

ይህን ስል እንዳትሳሳቱብኝ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውን የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል፤ በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59 ሺህ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከእኛም አገር አልወጣም። ስለዚህ «ጆሮው ነው» ብሎ ንክሻን መናቅ ሞት ነው። የነከሰ ውሻ ማንም ይሁን፣ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይኬድ፤ ውሻው ሳይገደል ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። ውሻው ከተገደለና አንጎሉ ሳይመረመር ከተቀበረ ግን እውነቱ አብሮ ይቀበራል፤ የተነከሰው ልጅ ቤተሰብም ከጭንቀቱ አይወጣም።

እኔ የምለው ከዚያ በፊት ስላለው ጊዜ ነው። ጆሮው በጊዜ የታየለትና የእብድ ውሻ ክትባቱን በየጊዜው የሚወስድ ውሻ ሰፈሩን ከሁለቱም ፍርሃት ያሳርፋል። ውሻውን ለጆሮው ብላችሁ ሐኪም ዘንድ ስትወስዱት ክትባቱንም ጠይቁ፤ አንድ ጉዞ ነው።

መድኃኒቱ የጋራ ነው

ሁለተኛው ነገር የመድኃኒት መላመድ ነው። ለውሻው የሚንጠባጠበው ጄንታማይሲን ስሙ ለእናንተም አዲስ አይደለም። ሕፃን ልጃችንን የሚያክመው ያው የመድኃኒት ዘር ነው። በግምት፣ በግማሽ ተጀምሮ በግማሽ የሚቆም ሕክምና የሚሞቱትን ባክቴሪያዎች ገድሎ የማይበገሩትን ያስቀራል። ቸል የተባለ የውሻ ጆሮ ውስጥ ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ቤት ሲሠራ ሐኪሙ አንዱን መድኃኒት ከሌላው እያፈራረቀ ቢሞክር የማይበገርበት ጊዜ አለ። መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደገደሉ ተሰልቷል። የእኛም አገር እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 ባወጣችው ዕቅድ ጉዳዩን «አንድ ጤና» ብላ የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና በአንድ ላይ ያየችው ለዚህ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን ፈተናው የሚገጥመው እዚያ መደርደሪያ ጋ ነው፤ «ጠብታ ይኖርሃል?» በሚባልበት ቦታ።

የመላመዱ ትልቁ ምክንያት የውሻ ጆሮ ነው አልልም፤ አይደለም። ግን ልማዱ አንድ ነው። ለውሻው ሳያስመረምር ጠብታ የሚገዛ ሰው ለራሱ ጉሮሮም ሳይመረመር አሞክሳሲሊን ይገዛል። አንዱ ላይ የተማርነው ትዕግሥት ለሌላውም ይጠቅመናል።

ታዲያ ምን ይሁን?

ከቤት ልጀምር። በሳምንት አንድ ቀን የውሻችሁን፣ የድመታችሁን ጆሮ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ አሽትቱትም። ጤነኛ ጆሮ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ አይሸትም፤ ትንሽ ኩክ ቢኖርበት ክፋት የለውም። ከዋኘ ወይም ከታጠበ በኋላ በደረቅ ጨርቅ አድርቁለት። በጥጥ እንጨት ወደ ውስጥ አትቆርቁሩ፤ ቆሻሻውን ወደ መታጠፊያው ነው የምትገፉት። አልኮል አታፍስሱ፤ የቆሰለ ጆሮ ያቃጥላል። ካራገፈ፣ ከሸተተ፣ ከቀላ፣ ጠብታውን ሳይሆን ውሻውን ይዛችሁ ሂዱ። ጭንቅላቱን ካዘነበለ፣ ከዞረ፣ ስሙን ስትጠሩት ካልሰማ በዚያው ቀን ሂዱ። ሲያራግፍ የደም ሥር ተበጥሶ የጆሮው ቅጠል እንደ ሳምቡሳ ካበጠ ራሳችሁ በመርፌ አትብሱት፤ ያንንም ሐኪም ይየው። ተባይ ነው ከተባላችሁ ግቢ ውስጥ ያሉት ውሾችና ድመቶች ሁሉ አብረው ይታከሙ፤ አለዚያ እየተቀባበሉት ይኖራሉ።

ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሱ ደግሞ አራት ጥያቄ ጠይቁ፤ «ውስጡን አይተኸዋል ወይ? ታምቡሩ ደህና ነው ወይ? በማይክሮስኮፕ ምን ታየ? መቼ መልሼ ላምጣው?» በአክብሮት ጠይቁ፤ ግን ጠይቁ። ገበያ የሚለወጠው ገዢው ሲጠይቅ ነው። ማንም ያልጠየቀውን ኦቶስኮፕ ገዝቶ የሚያስቀምጥ ክሊኒክ የለም። ዛሬ አሥር ሰው ቢጠይቅ በሚቀጥለው ወር አንዱ ክሊኒክ ይገዛል።

መድኃኒት ቤቶቻችንን የምለምነው አንዲት ዓረፍተ ነገር እንዲጨምሩ ነው፤ «ውሻው ታይቷል ወይ?» ዩኒቨርሲቲያችንን የምለምነው፣ ተማሪዎች በሐኪም ቁጥጥር የከተማዋን ውሾችና ድመቶች ጆሮ የሚያዩበት፣ ክትባትም የሚሰጥበት ቀን በየጊዜው ይኑር ነው። ተማሪው እጁን ይፈታል፣ ባለቤቱ በአነስተኛ ክፍያ ይገለገላል፣ ከተማው የተከተቡ ውሾች ያገኛል። ሦስቱም ይጠቀማሉ። የከተማውን አስተዳደር የምለምነው ደግሞ ለመርዝ የሚታሰበው በጀት ለክትባት እንዲታሰብ ነው።

ትልቅ ነገር አልጠየቅኩም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ መጀመሪያ ሳምንት ላይ በጥጥና በጥቂት ቀን ጠብታ የሚያልቀው ነገር ስድስት ወር ሲቆይ የጆሮውን ቀዳዳ አሳብጦ፣ አጠንክሮ፣ በቀዶ ጥገና ካልሆነ የማይነካ ያደርገዋል። ያኔ ወጪውም፣ ስቃዩም፣ ጸጸቱም ይበዛል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ውሻው እኮ አልደበቀም። ጭንቅላቱን እያራገፈ፣ ከግድግዳ እየታሸ፣ ሲነኩት እያጉረመረመ በሚችለው ቋንቋ ሁሉ ነግሮናል። በየሌሊቱ ለእኛ ጆሮውን ሲሰጥ የኖረ ፍጡር የሚጠይቀን አንድ ጆሮ ነው፤ እሱንም ለአንድ ከሰዓት በኋላ።

ቸር ሰንብቱ!